በአዳማ ዙሪያ መሬት በኮንትራት የምትይዙ፣ የሙከራ ጉድጓዱን ደላላው እንዲመርጥላችሁ አትፍቀዱ

የሦስት ዓመት የመሬት ኪራይ 150,000 ብር፣ የደላላ ኮሚሽን 10,000 ብር፣ የ800 የፓፓያ ችግኝ ዋጋ 32,000 ብር። ይህን ሁሉ ያወጣሁት ከአንድ ስንዝር አመድ በታች ጥቁር አለት ለተዘረጋበት ግማሽ ሄክታር ነው። ከከፈልኩ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ፣ አለቱን ካገኘሁት ሦስተኛ ቀኔ ነው። ንዴቴ በረድ እስኪል ልጠብቅ ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ደላላው ዛሬ ጠዋት አንድ ባልና ሚስት በባጃጅ ጭኖ ወደዚያው ማሳ እንደወሰዳቸው ከቀን ሠራተኞቼ አንዱ ደውሎ ነገረኝ። ስለዚህ አልጠብቅም።

ሰውየውን ታውቁታላችሁ። እሱን ባታውቁት እንኳ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ከቡና ቤቱ በረንዳ የማይነሣው፣ ሁለት ስልክ የያዘው፣ «ሌላ ሰው ሊይዘው ነበር፣ ለእርስዎ ብዬ አስቀመጥኩት» የሚለው። መንገድ ላይ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃል፤ ዘመድ እንደሞተባችሁ ከሰማ «ነፍስ ይማር» ብሎ አንገቱን ይደፋል። ባለመሬቱን ለብቻችሁ አያገናኛችሁም። እኔንም «ሽማግሌው አማርኛ አይሰሙም፣ እኔ እተረጉምልዎታለሁ» አለኝ። «እናቴ» ነበር የሚለኝ። «እናቴ፣ ጥላው ሥር ይቁሙ»፤ «እናቴ፣ ፀሐዩ እንዳይመታዎት»።

ሃያ ስምንት ዓመት በነርስነት አገልግዬ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ገንዘቡ የዕቁቤና ልጄ ከውጭ የላከችልኝ ነው። ፓፓያ የመረጥኩት የአዳማን ሙቀት ስለሚወድና በተተከለ በዓመቱ ገደማ ፍሬ ስለሚሰጥ ነው፤ በእኔ ዕድሜ አምስትና ስድስት ዓመት የሚያስጠብቅ ተክል አይተከልም።

ማሳው ሲያዩት ያምራል፤ ይህን አልክድም። ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ አፈር ነው፤ ሲዘግኑት ክብደት የለውም። ዙሪያውን በጥቁር ድንጋይ ካብ ታጥሯል። ደላላው ገና ከባጃጁ እንደወረድን ጎንበስ ብሎ ከአፈሩ ዘገነና በመዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። «እሳተ ገሞራ የሠራው አፈር ነው፣ እናቴ። እንዲህ ያለ አፈር ማዳበሪያ እንኳ አይፈልግም» አለኝ። የእሳተ ገሞራ አመድ ለም አፈር እንደሚሆን እኔም ሰምቼ ስለነበር ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

ቀጥሎ ጥልቀቱን ልይ አልኩ። ይህን ማለቴ ትክክል ነበር፤ ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዶማና አካፋ የያዘ ወጣት አብሮን መጥቶ ነበር። ደላላው ወደ ማሳው ወሰን ሄደ፣ ግራና ቀኝ እያየ የሚያስብ መስሎ ቆመ፣ ከዚያ በተረከዙ መሬቱን ሁለት ጊዜ መታና «እዚህ ላይ ቆፍር» አለው። ለምን እዚያ? ለምን ከመሃል አይሆንም? አልጠየቅሁም። ወጣቱ መቆፈር ጀመረ። ዶማው ምንም ሳያግደው ይገባል። አፈሩን በአካፋ እየዛቀ እስከ ጉልበቱ ወረደ፣ ከዚያ እስከ ወገቡ። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም፤ ላብ እንኳ ጠብ አላለውም። «ይኸው፣ የወገብ ጥልቀት! ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» አለ ደላላው እጁን እያራገፈ።

በመጨረሻው አካፋ ከወጣው አፈር መካከል አንድ ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። የታሸገ ውኃ ክዳን ነው፤ ሰማያዊ፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ጥርሶች እንኳ ያልተበሉ፣ አዲስ ክዳን። በጣቶቼ መካከል ይዤ አገላበጥኩት። ደላላው አየኝ። «እረኞች ጥለውት ይሆናል» አለ። እረኛ የጣለው ክዳን ከመሬት በታች የወገብ ጥልቀት ምን ወሰደው? ተፈጥሮ ያስቀመጠው፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ አፈር ውስጥ የዘንድሮ ፕላስቲክ ምን ይሠራል? ይህን የትኛውም ሕፃን ይጠይቃል። እኔ ግን ክዳኑን በማሳው ላይ መጣል ነውር መስሎኝ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩትና ወደ ባጃጁ ተመለስኩ። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ መልሶ የተሞላ ነበር። ማስረጃው በእጄ ላይ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሕመምተኛ ምልክት ሳነብ ኖሬ፣ የራሴን ገንዘብ የሚበላውን ምልክት በጣቴ እያገላበጥኩ አለፍኩት። ሌሊት የሚያባንነኝ ይህ ነው።

ካቡም ምልክት ነበር። ያ ሁሉ ድንጋይ ከየት መጣ? ከዚያው ማሳ ተለቅሞ ነው እንጂ ማን በጭነት ያመጣዋል? «ከብት እንዳይገባብዎት ነው፤ አጥር በነጻ አገኙ» ሲለኝ አመሰገንኩት።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ውሉ ተፈረመ። አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፦ «መሬቱን በአካል ተገኝቼ፣ ጉድጓድ አስቆፍሬ፣ አፈሩን አይቼና ወድጄ ተረክቤአለሁ።» ጠንቃቃ ሰው መሆኔን የሚመሰክርልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ማክሰኞ አራት የቀን ሠራተኞች ይዤ ሄድኩ። ለእያንዳንዱ ችግኝ ወርዱም ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ በየሁለት ሜትር ተኩሉ። የመጀመሪያው ዶማ ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም፤ ብረት ከብረት የተጋጨ ነው የሚመስለው። ሠራተኛው ዶማውን አንሥቶ ጫፉን አየው፤ ታጥፏል። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ደገመው። ያው ድምፅ። ዲጅኖ አስመጣሁ፤ ዲጅኖው ብልጭታ አወጣ እንጂ አልገባም። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ 60 ቦታ ሞከሩ። 60 ሳንቲ ሜትር የደረሰው ሰባቱ ብቻ ነው። የቀረው አንድ ስንዝር፣ ቢበዛ አንድ ክንድ ይወርድና አለት ይሆናል። ከሥሩ የሚወጣው ድንጋይ ጥቁር፣ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ ጠርዙ እጅ የሚቆርጥ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ጀሪካን ውኃ አስደፋሁ። ውኃው ለአንድ ደቂቃ እንኳ አልተጠራቀመም፤ በአለቱ ስንጥቅ ገብቶ ጠፋ። ከሠራተኞቹ በዕድሜ ትንሹ «እማማ፣ ይህ ለመንገድ ሥራ የሚሆን ነው እንጂ ለተክል አይሆንም» አለኝ፤ ልጁ እኔን ላለማስከፋት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

የወንድሜ ልጅ የአፈር ሳይንስ የተማረ ነው። ማታ ፎቶግራፎቹን ሲያይ መጀመሪያ ያለው «እትዬ፣ ከመክፈልዎ በፊት ለምን አልደወሉልኝም?» የሚል ነው። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ፣ የወንጂ ስንጥቅ ቀበቶ በሚባለው መስመር ነው። በዚህ መስመር ምድር እየተሰነጠቀች ላቫ፣ ማለትም የቀለጠ አለት፣ ደጋግሞ ፈስሷል፤ እነ ቦሰት፣ ገደምሳና ፈንታሌ የተባሉት እሳተ ገሞራዎችም አመድና ፑሚስ የሚሉትን ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ተፍተዋል። የፈሰሰ ላቫ ሲረጋ እንደ ወለል ተስተካክሎ አይረጋም፤ አንዱ ቦታ ይቆለላል፣ ሌላው ይሰረጉዳል፣ ይሰነጠቃል። በላዩ የወረደውን አመድ ነፋስና ጎርፍ ከጉብታው ጠርገው ጎድጓዳውን ይሞሉበታል። ስለዚህ ላዩ አንድ ወጥ ሜዳ የሚመስል ማሳ፣ አንዱ ቦታ የወገብ ጥልቀት አፈር ኖሮት አምስት እርምጃ አለፍ ሲሉ መዳፍ የማይሸፍን ይሆናል። ደላላው ይህን ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረውም፤ ግን ያውቀዋል። ተረከዙን የመታው አመድ የሞላው ጎድጓዳ ላይ ነው።

ጥልቅ ሲሆን የአመድ አፈር በእርግጥ ድንቅ ነው። አንዶሶል ይሉታል፤ ስሙ ከጃፓንኛ የመጣ ሲሆን ጥቁር አፈር ማለት ነው። ቀላል ነው፣ ውኃም ይይዛል። በመዳፌ ላይ የፈሰሰው አፈር ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰቱ ከሥሩ ነበር። በ25 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አለት የሚገኝበት አፈር ግን በዓለም አቀፉ ምደባ ሌላ ስም አለው፣ ሌፕቶሶል ይባላል፤ የእኔ ማሳ አብዛኛው ክፍል እዚያ ይመደባል። «ማዳበሪያ አይፈልግም» ማለቱም ውሸት ነው፤ የአመድ አፈር ፎስፈረስን አንቆ ይዞ ለተክሉ ባለመልቀቅ የታወቀ ነው። ከአዳማ በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ የተጓዘ ሰው ያን ጥቁር የድንጋይ ባሕር አይቶታል። በፈንታሌ ሥር የመጨረሻው ላቫ የፈሰሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1820 አካባቢ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ዛሬም ድንጋይ ነው። የእኔ ማሳ ዕድሜው ቢለይም ዓይነቱ ያው ነው፤ አመድ ለበሰ እንጂ።

ረቡዕ ጠዋት ከድንጋዮቹ አንዱን በፌስታል ይዤ ወደ ቡና ቤቱ ሄድኩ። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። አልተነሣም። ድንጋዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የሆነውን ነገርኩት። ስኒውን ሳያስቀምጥ አዳመጠኝና «ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?» አለኝ።

ላድርግሽ። ከሳምንት በፊት ፀሐይ እንዳይመታዎት ያለኝ፣ በልጄ ዕድሜ ያለ ሰው ነው። ገንዘቡ ከእጄ ሲወጣ አንቱታውም አብሮ ወጣ። «አይተሻል፣ አስቆፍረሻል፣ ወድጄ ተረከብኩ ብለሽ ፈርመሻል» እያለ ጣቱን ቆጠረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። «ይኸው ሃዋይ። ላቫ ላይ ፓፓያ ያመርታሉ። አንቺ ስላልቻልሽበት መሬቱ ምን ያድርግ?» ጓደኞቹ ሳቁ። አንዱ «ሴትዮ፣ ድንጋይሽን አንሺልን፣ ቡና እየጠጣን ነው» አለኝ። ድንጋዩን አነሣሁ። አስተናጋጇ ብቻ ቀና ብላ ሳታየኝ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን አመድ በጨርቅ ጠረገች።

ቪዲዮው እውነት ነው፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። በሃዋይ ትልቁ ደሴት፣ ፑና በሚባለው ወረዳ፣ አኣ በሚሉት ሻካራና ስብርባሪ ላቫ ላይ ፓፓያ ይበቅላል። ግን እዚያ ስብርባሪውን በቡልዶዘር እየደፈጠጡ ያዘጋጁታል፤ የዓመቱ ዝናብም በብዙ ቦታ ከ2,500 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። አዳማ 1,000 እንኳ አይሞላም፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት ነው። በአለት ስንጥቅ የሚሰርገውን ውኃ ማን ይተካልኛል?

ከቡና ቤቱ በቀጥታ ወደ ባለመሬቱ ሄድኩ። ሽማግሌው አማርኛ ጥርት አድርገው ይናገራሉ። ወተት አቀረቡልኝ። «ልጄ፣ እኛ ከብት እናሰማራበታለን እንጂ አርሰነው አናውቅም። ድንጋይ መሆኑን ነግሬዋለሁ» አሉኝ። ከ150,000 ብሩ እጃቸው የገባው 90,000 ብቻ ነው። ስለ ጉድጓዱ ስጠይቃቸው ትንሽ ዝም አሉና «ያችን ጉድጓድ ከአንቺ በፊት ሁለት ጊዜ ሲያስቆፍራት አይቻለሁ» አሉ። ጉድጓዱ ያለው እኔ በተከራየሁት ግማሽና በቀረው ግማሽ ወሰን ላይ ነው። ለሁለቱም ተከራይ ይታያል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት የሄዱት ባልና ሚስት የታያቸው እሱ ነው።

መሬት ልትይዙ ከሆነ አንድ ሜትር ተኩል ፌሮ ጫፉን አሹሉና መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ራሳችሁ በመረጣችሁት ሃያ ቦታ ምቱት። ባለመሬቱን ያለ ደላላ አነጋግሩ። «አይቼ ወድጄ» የሚል ቃል ያለበት ውል ላይ አትፈርሙ።

እናንተ ዛሬ ጠዋት የሄዳችሁት ሁለት ሰዎች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ ገና ካልከፈላችሁ ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ርቃችሁ አስቆፍሩ። ክዳኑ ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። 800ዎቹ ችግኞች ደግሞ በረንዳዬ ላይ በፕላስቲካቸው ቆመዋል፤ ጠዋትና ማታ አጠጣቸዋለሁ፣ ሥራቸው ግን ፕላስቲኩን መቅደድ ጀምሯል። በወንጂ ወይም በመልካሳ በኩል ጥልቅ አፈር ያለው ሰው ካለ በገዛሁበት ዋጋ፣ ከዚያም ባነሰ ዋጋ ይውሰዳቸው።