ኦፕንሳንድ፦ ያለ ዲሽ የሳተላይት ኢንተርኔትን ደህንነት መፈተሻ
ዲሽ ሳይገዙ መለማመድ ለሚፈልጉ የጅማ ኔትወርክ ባለሙያዎች የሳተላይት ግንኙነትን በኮምፒውተር ላይ የሚያስመስለው ኦፕንሳንድ ነፃና ጠቃሚ ሶፍትዌር ነው። ሊኑክስ ላይ ሦስት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ኮምፒውተር) ይፈልጋል፦ ሳተላይት፣ የምድር ጣቢያ፣ ተርሚናል (የደንበኛው መሣሪያ)። ላፕቶፑ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለው ዴስክቶፕ የሌለው ኡቡንቱ ሰርቨር ይጫኑ፤ አለዚያ ይንቀረፈፋል። መረጃ በሳተላይቱ በኩል ለመድረስ የሚወስደውን የአንድ አቅጣጫ መዘግየት 250 ሚሊሰከንድ ያድርጉት።

ጥቅሙ ቪፒኤን (መረጃን መስጥሮ የሚያስተላልፍ ግንኙነት) ሲበራ ይታያል። አይፒሴክ የተባለው የቪፒኤን ምስጠራ የቲሲፒን (የመረጃ ማድረሻ ደንቡን) ራስጌ ስለሚመሰጥር፣ ይህን ራስጌ እያነበበ የሳተላይት ግንኙነትን የሚያፋጥን እንደ ፔፕሳል ያለ ሶፍትዌር መሀል ላይ ቢቀመጥ አይሠራም፤ ፍጥነት ይወርዳል። ምስጠራውን አጥፍቶ መገላገል ያምራል፣ ግን አያዋጣም፤ ማፋጠኛውን መረጃው ከመመስጠሩ በፊት፣ በደንበኛው በኩል ያስቀምጡት።

ኦፕንሳንድ የሞደም ፈርምዌርን (በሞደሙ ውስጥ የተጫነውን ሶፍትዌር) ግን አያስመስልም። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የሳተላይት ኢንተርኔት ኩባንያውን የቪያሳትን ሞደሞች ከጥቅም ውጭ ያደረገው ጥቃት የገባው በተሳሳተ የቪፒኤን ቅንብር በኩል ሞደሞቹ ወደሚቆጣጠሩበት የአስተዳደር ኔትወርክ ነበር፤ ይህን አገባብ ለመለማመድ የአስተዳደር ኔትወርኩን የሚወክል አራተኛ ማሽን ይጨምሩ። መብራት ሊሄድ ስለሚችል አስቀድመው ስናፕሾት (የማሽኖቹን ወቅታዊ ሁኔታ ቅጂ) ይያዙ።