በካርቶን የሚሸጠው «ሙሉ የክርስትና ልብስ» ክርስትና ቤት ሲደርስ

በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የሕፃናት ልብስ ሱቆች «ሙሉ የክርስትና ልብስ» እየተባለ በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ስብስብ አለ። ውስጡ ነጭ ቀሚስ፣ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ትንሽ ነጠላና ማተብ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ነው። አበልጅነቱ በዚህ ስጦታ ስለሚጀመር ሰው የሚያምረውን ይመርጣል፤ የሚያምር የሚመስለው ደግሞ የሚያብረቀርቀው ነው። ልብሱ የሚፈተነው ሕፃኑ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከወጣ በኋላ፣ ሜሮን ተቀብቶ ቁርባን እስኪቀበል ባለው ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ሲታይ ከስብስቡ ግማሹ አይረባም።

የመጀመሪያው ችግር ጨርቁ ነው። ቀሚሱ ሳቲን የሚሉት ፖሊስተር ስለሆነ ውኃ አይመጥም። የሕፃን አንገት ሥርና ብብት እንዲሁ በመጥረግ ብቻ አይደርቅም። ጥጥ የቀረውን እርጥበት ይስበዋል፤ ፖሊስተር ቆዳው ላይ ይተወዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ያልፋል፣ ክርስትና የሚነሣውም በማለዳ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱ ይቻላል፤ ለማርቆስ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ማለዳ ግን ይህን ቀሚስ ብቻውን ማልበስ አይመከርም።

ሻጭ «ንጹሕ ጥጥ ነው» ቢል ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከጫፉ ሁለት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ዐመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ጣት የሚቆረቁር ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ክብሪት ካልተፈቀደ አንድ ጠብታ ውኃ ማንጠብጠብ ነው፤ ጠብታው ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ አይገዛም።

ልኩም ያስቸግራል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና እየተነሡ ስብስቡ በአንድ ልክ ብቻ ነው የሚመጣው። የ40 ቀን ወንድ ልጅ ቁመቱ 56 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የራሱ ዙሪያ 38 ነው። ሴቷ 80 ቀን ሲሞላት ወደ 60 ትጠጋለች፣ የራሷ ዙሪያም 39ን ያልፋል። ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ የኮፍያው ላስቲክ ግንባሯ ላይ ቀይ መስመር የሚያወጣው ግን በዚህችው አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ለሴት ልጅ ላስቲኩን ተርትሮ በክር መተካት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው የቀሚሱ ዚፕ ከኋላ መሆኑ ነው። የ40 ቀን ልጅ አንገቱ አልጸናም፤ ዚፑን ለመዝጋት ግን እርጥብ እንደሆነ፣ እያለቀሰ በሆዱ መገልበጥ አለበት። ከፊት ተከፍቶ በክር የሚታሰር ቀሚስ ሕፃኑ በጀርባው እንደተኛ ይለበሳል። እጅጌው ሦስት ጣት የሚያስገባ ከሆነ የእናትየው እጅ ከውጭ ገብቶ ክንዱን ሳይጠመዝዝ ያወጣዋል።

ማተቡ የናይለን ነው። ጫፉ እንዳይተረተር በእሳት ስለተተኮሰ እንደ ሚስማር ይደርቅና አገጭ ሥር ይፍቃል፤ ቋጠሮውም ይንሸራተታል። ከጥጥ የተገመደ ክር ለብቻው መግዛት ይሻላል። ሲታሰር ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ረጅም ማተብ ለሚተኛ ሕፃን አደገኛ ነው።

አንዳንድ ሱቅ የክርስትና ስም በጥልፍ ቀሚሱ ላይ እንሠራለን ይላል። ይህን አስቀድሞ ማዘዝ ስህተት ነው። ስሙን የሚሰይመው ካህኑ ነው፤ ቤተሰቡ ወለተ ማርያም ብሎ አስጠልፎ ወለተ ሚካኤል ልትባል ትችላለች። ጥልፉ ከክርስትናው በኋላ ይደርሳል።

ከስብስቡ የሚወደደው ትንሿ ነጠላ ናት። ስስ ጥጥ ናት፣ ለፊት መሸፈኛ ትሆናለች። ጥለቷ ወርቅማ ክር ከሆነ ግን አንገት እንዳይነካ ወደ ውጭ ታጥፋ ትልበስ። ካልሲው ደህና ነው።

በእኛ ግምት ገንዘቡ የሚገባው ለሸማኔ ነው። በጎጃም አያት የልጅ ልጇን ጋቢ ራሷ በእንዝርት ፈትላ መስጠቷ የቆየ ወግ ነው፤ ከዚያው ፈትል ለቀሚሱም ማትረፍ ይቻላል። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ሲሆን ጨርቁ ይጠነክራል፣ ይለሰልሳልም። ትእዛዙ ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ፤ ጥምቀትና ፋሲካ ሲቃረብ ሸማኔ ቤት ሥራ ይከመራል። ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰብና ቀሚሱ ያጥራል። በረኪና አይነካው። ወርዱ ለደረት ዙሪያ ከ50 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ርዝመቱ ከእግሩ ቢያልፍ ይሻላል፣ እግሩን ያሞቃልና።

ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለመንገድ ነው። ቅዳሴ ላይ ሕፃኑን በሁለት ድርብ ኩታ መጠቅለል ይበቃል። በጋቢ የተጠቀለለ ልጅ ቄሱ ፊት ሲቀርብ አገጩ ጨርቅ ውስጥ ይሰምጣል፣ ለማቁረብም ያስቸግራል።

በየትኛውም ካርቶን ውስጥ የሌለ፣ ያለ እሱ ግን የማይሆን ነገር አለ፦ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ የጥጥ ጨርቅ፣ ቢቻል ሁለት። ሕፃኑ ሲቆርብ ከአገጩ ሥር ይያዛል። ጡት ሳይጠባ መጥቶ ስለሚያለቅስ ሊያወጣው ይችላል፤ ጨርቁን ቁርባን ከነካው ቤት አይወሰድም፣ እዚያው ለካህናቱ ይነገራል። ሜሮን የነካው ቀሚስ ደግሞ ለብቻው ይታጠብ፤ እጣቢውም እግር በማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ይደፋ።