ስታዲየም አካባቢ ስኪ ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ባይንዲንጉን ሳታዩ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ «ኦል ማውንቴን ስኪ፣ ከኤምባሲ የወጣ፣ ከነባይንዲንጉ፣ ዋጋው በድርድር» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ስኪ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ሰሌዳ ነው፤ ባይንዲንግ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው መቆለፊያ ነው፤ ኦል ማውንቴን ደግሞ ለተለያየ ዓይነት በረዶ ይሆናል የሚባለው የስኪ ዓይነት ነው። ዕቃው ያለው ስታዲየም አካባቢ፣ ያገለገለ የስፖርት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነው። ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዳትገዙት።

«አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ስኪ ማን ይገዛል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የሚገዛ አለ። ለማስተርስ በረዶ አገር የሚሄድ አለ። ለእረፍት መጥቶ «እዚህ ረከሰልኝ» ብሎ ይዞ የሚመለስ ዳያስፖራም አለ። ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ቢሆንም፣ አገራችን ውስጥ በስኪ የሚወረድበት ቦታ የለንም። ስለዚህ ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሻጩም የተማመነው በዚሁ ነው።

እኔ ዴንቨር ስኖር ስኪ ለምጃለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ካልጋሪ ትምህርት አግኝቶ ለጉዞ እየተዘጋጀ ነው። ስዊድን ለልውውጥ ሄዶ ስለነበር መካከለኛ ደረጃ ላይ ይንሸራተታል። 5 ሺህ ብር ቀብድ ካስያዘ በኋላ «እስቲ አብረን እንየው» አለኝ።

መጀመሪያ ርዝመቱ። ልጁ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 አይሞላም። የቀረበለት ስኪ 188 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻጩ «ረጅም የጎበዝ ነው» ይላል። አይደለም። ለመካከለኛና ከዚያ ከፍ ላለ ሰው፣ ስኪው ሲቆም ጫፉ ከአፍንጫ እስከ አናት መካከል ቢደርስ ጥሩ ነው። ፈጣንና ከባድ ሰው ትንሽ ቢያስረዝም ያምርበታል። በአንድ ስንዝር ገደማ ከራስ በላይ የሚሄድ ስኪ ግን ለዚህ ልጅ ጣጣ ነው።

ከዚያ ስፋቱ። ስኪው ላይ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ የፊቱ፣ የመሃሉና የኋላው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። የምታዩት የመሃሉን ነው። ኦል ማውንቴን የሚባሉት በአብዛኛው ከ80 እስከ 100 ገደማ ናቸው። በማሽን በተደለደለ ጠንካራ በረዶ ላይ የምትውሉ ከሆነ ወደ 80ዎቹ ብታደሉ ይሻላል፤ ጠባብ ስኪ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቶሎ ይገለበጣል። ለስላሳ በረዶ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ 90ዎቹ ደስ ይላሉ። ይሄኛው 104 ነው። ለብዙ ትኩስ በረዶ የተሠራ ነው እንጂ «ለሁሉም የሚሆን» አይደለም።

ይሄ ሁሉ ግን በምርጫ ስህተት ሊታለፍ ይችላል። ዋናው ጉድ ባይንዲንጉ ላይ ነው።

ልጁ «ጥብቅ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ሻጩ ከመሳቢያው ካቻቢቴ አወጣ። የፊቱን ብሎን እስኪያቅተው ድረስ አዞረው። የኋላውንም እንደዚያው። የቁጥሩ መስኮት 12 ላይ ቆመ። ከዚያ ስኪውን መታ መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ አሁን በምንም ተአምር አይወልቅም!» አለ። ኩራት በተሞላበት ድምፅ።

ባይንዲንግ የተሠራው እኮ እንዲወልቅ ነው። በደህናው ጊዜ ጫማውን ይይዛል፣ ስትወድቁ ይለቃል። ካልለቀቀ ያ ረጅም ስኪ እግራችሁ ላይ እንደታሰረ ይጠመዘዛል፤ ቅልጥም የሚሰበረው በዚህ ነው። (ለጉልበት ጅማት ደህና ባይንዲንግም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም፤ ይሄም ይታወቅ።) መስኮቱ ላይ ያለው ቁጥር ዲን ይባላል። የሚወሰነው በኪሎ፣ በቁመት፣ በዕድሜ፣ በመንሸራተት ችሎታና በጫማው ሶል ርዝመት ነው። የሶሉ ርዝመት ጫማው ተረከዝ አጠገብ በሚሊ ሜትር ተቀርጿል። 65 ኪሎ ገደማ ለሆነው ለዚህ ልጅ ቁጥሩ 6 አካባቢ ይመጣል። ሻጩ እጥፍ አድርጎ ሰጠው። ጫማውን እንኳ አልጠየቀም።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ሥራው አያልቅም። የተረከዙ ክፍል ጫማውን ወደፊት የሚገፋበት መጠን መስተካከል አለበት። ከዚያ በመለኪያ መሣሪያ በስንት ኃይል እንደሚለቅ ይፈተሻል። ይሄ በካቻቢቴ የሚሠራ አይደለም።

ወደ ፍሬኑ ወረድኩ። ፍሬን የምለው ስኪው ሲወልቅ ቁልቁል እንዳይሮጥ በረዶው ላይ የሚተከሉትን ሁለት ክንዶች ነው። ስፋታቸው ከስኪው መሃል እኩል ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር የሰፋ መሆን አለበት። እዚህ ላይ 90 የሚል ፍሬን 104 ስኪ ላይ ገብቷል። እንዴት ገባ? በፒንሳ ተጣሞ ነዋ! የፒንሳው ጥርስ ብረቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከባይንዲንጉ ኋላ ደግሞ በኮላ የተደፈኑ አሮጌ ቀዳዳዎች አሉ። አንዱ ከአዲሱ ብሎን ጋር ሊነካካ ምንም አልቀረውም። በአዲስና በአሮጌ ቀዳዳ መካከል ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልተተወ ብሎኑ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል።

«ከኤምባሲ የወጣ» የተባለውም ወሬ ነው። የስኪው ኋላ ላይ የኪራይ ቤት ባርኮድና 47 የሚል ቁጥር ተለጥፏል። የኪራይ ስኪ መግዛት በራሱ ነውር የለውም፤ ውጭ አገር በወቅቱ መጨረሻ በደህና ዋጋ ይሸጣል። የኪራዩን ባይንዲንግ ነቅሎ፣ ሌላ አሮጌ ገጥሞ፣ የዲፕሎማት ዕቃ ነው ማለት ግን ማጭበርበር ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። የተጠየቀው 38 ሺህ ብር ነው፤ ተከራክረን 30 ደረሰ። ርካሽ ይመስላል። ግን ባይንዲንግ አምራቾች አሁንም ኃላፊነት የሚወስዱላቸውን ሞዴሎች በየዓመቱ ይዘረዝራሉ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከዝርዝሩ የወጣ አሮጌ ባይንዲንግ ይዛችሁ ብትሄዱ ደህና ሱቅ አይነካላችሁም። ይሄኛው ፕላስቲኩ ነጥቶ መሰንጠቅ ጀምሯል። በዚያ ላይ አሁን የሚሸጡ ብዙ የስኪ ጫማዎች ግሪፕዎክ የሚባል ጎበጥ ያለ የጎማ ሶል አላቸው። የድሮ ባይንዲንግ ለዚያ አልተሠራም፤ ጫማው ቢገባም በትክክል ላይለቅ ይችላል። ስለዚህ እዚያ ስትደርሱ አዲስ ባይንዲንግ መግዛታችሁ አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ነው። የመግጠሚያውንና የአውሮፕላን ጭነቱን ጨምሩበት። ርካሽነቱ የቱ ላይ ነው?

የእኔ ምክር፦ ከዚህ ምንም ይዛችሁ አትሂዱ። የመጀመሪያውን ክረምት ለወቅቱ በሙሉ ተከራዩ። ገንዘብ ካላችሁ ከስኪው በፊት እግራችሁን ተለክታችሁ ጫማ ግዙ። ስኪውን ክረምቱ ሲያልቅ፣ ሱቆች ያለፈውን ሞዴል ሲያራግፉ ታገኙታላችሁ። ዱባይ ሞል ኦፍ ዘ ኤምሬትስ ውስጥ ላለው ስኪ ዱባይ የምትሉ ደግሞ ጭራሽ አትግዙ፤ ስኪውና ጫማው ከመግቢያው ጋር ይሰጣል።

ሌላ ቦታ ያገለገለ ስኪ ካጋጠማችሁና ልባችሁ ካልቆረጠ፣ ሁለቱን ስኪዎች ሆድ ለሆድ ግጠሟቸው። አብዛኛው ኦል ማውንቴን መሃሉ ላይ ክፍተት ያሳያል፤ በእጅ ስትጫኑት ይዘጋል፣ ስትለቁት ይመለሳል። ልጥፍ ብሎ ከቀረ ብዙውን ጊዜ ስኪው አልቆለታል። ጠርዙን በጥፍራችሁ ሂዱበት። ቀላል ዝገት ይጠረጋል፤ ስንጥቅ ግን አይጠገንም በሉ።

የልጁ ቀብድ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተመልሷል። ሻጩ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየን። ገና አልተሸጠም፣ ደረሰኝም አልቆረጥክም ስንለው ለዘበ። ቀብድ ያስያዛችሁ ካላችሁ ይሄንኑ በሉት፤ ብሩን በቴሌብር ልካችሁ ከሆነ መልእክቱን አታጥፉት። ጨርሳችሁ የገዛችሁ ደግሞ ስኪውን ሳይሆን ባይንዲንጉን እንደሌለ ቁጠሩት። እዚያ ስትደርሱ ሱቅ ወስዳችሁ፣ ቀዳዳዎቹ አዲስ ባይንዲንግ ያስገጥሙ እንደሆነ አስጠይቁ። እስከዚያ ድረስ ጫማ አስገብታችሁ አትሞክሩት።