ከ3 ዓመት በታች ነፃ ነው፤ ማን አምኗችሁ?

ወደ ሰበታ መስመር ያለ የመዝናኛ ቦታ ነው። ስሙን አልጽፍም። ምናልባት የአንድ ቀን ነገር ሊሆን ይችላል፣ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። ገምታችሁ ከደረሳችሁበት ግምታችሁን ለራሳችሁ ያዙት።

ቦታው ጥሩ ነው፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። የሕፃናቱ ገንዳ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፣ ጥላም አለው። ክትፎው ደህና ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ ሳሙና አለ፤ ይሄ በራሱ ዜና ነው። እኔ የምጽፈው ግን ስለ በሩ ነው። በሩ ላይ ሃምሳ ደቂቃ ቆመናል። ለምን ብትሉ፣ ትንሹ ልጄ 2 ዓመት ከ5 ወሩ መሆኑን ማስረዳት አቅቶን።

ዕለቱ ቅዳሜ የካቲት 7 ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። ቅበላ ስለሆነ አዲስ አበባ በሙሉ ሥጋ ፍለጋ ከከተማ የወጣ ነው የሚመስለው። ስድስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እህቱ፣ አማቴና ሁለቱ ልጆች። መኪናችን ጋራዥ ስለነበረች ከአየር ጤና ሚኒባስ ያዝን።

ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ትንሹን አየና «ይሄኛው ይከፈልበታል?» አለ። «በጭን ነው» አልኩት። አለቀ። ወንበር ከያዘ ይከፍላል፣ ጭን ላይ ከተቀመጠ አይከፍልም። ዕድሜ የሚጠይቅ የለም። የአምስት ዓመት ልጅም ቢሆን እናትየው ክብደቱን ከቻለችው ነፃ ነው። እኛ የልጅ ነፃ የምንለውን ነገር የለመድነው እንዲህ ነው፣ በጭን። ለዚህ ይመስለኛል በር ላይ «ማስረጃ» ሲሉን ውሸታም የተባልን ያህል የሚከፋን። እኔንም ከፍቶኛል፣ አልዋሽም።

ቦታ የያዝነው ከሁለት ቀን በፊት በስልክ ነው። የሚሞላ ቅጽ ላኩልን። ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የልጆች የልደት ቀን። ቀኑንና ወሩን ከዝርዝር ውስጥ እየነካችሁ ነው የምትመርጡት። ወሩ ላይ ስደርስ መስከረም ብሎ ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያቆማል። ወደ ታች ብጎትተው፣ መልሼ ብጎትተው፣ ከነሐሴ በኋላ ምንም የለም። ልጄ ደግሞ የተወለደው ጳጉሜ 3 ነው። የ13 ወር ፀጋ እያልን ቱሪስት ስንጠራ የኖርን ሰዎች ቅጽ ላይ ስንደርስ አሥራ ሦስተኛዋን ጣልናት። ደወልኩ። ያነሣችው ልጅ በጣም ትሑት ናት። «ነሐሴ 30 ይበሉት፣ ችግር የለውም» አለችኝ። አልኩት። ይህቺን «ችግር የለውም» ያዙልኝ።

በር ላይ ዋጋው ተለጥፏል። አዋቂ 600 ብር፣ ከ3 እስከ 12 ዓመት 400፣ ከ3 በታች ነፃ። የአዋቂዎቹንና የትልቋን ከፈልን። ትንሹ ጋ ስንደርስ ቲኬት ቆራጯ ከመስኮቱ ጎንበስ ብላ አየችው። ልጄ ረጅም ነው፣ በአባቱ ወጥቷል።

«ይሄ ሦስት አልሞላውም?»

«አልሞላውም።»

«ማስረጃ ይዘዋል?»

የልደት ሰርተፍኬቱን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዣለሁ። ኩራት ቢጤ ተሰምቶኝ አቀበልኳት። በአማርኛው በኩል ጳጉሜ 3 ቀን 2015 ይላል። እሷ ቀኑን የምታየው ጠረጴዛዋ ላይ ካለው ኮምፒውተር ነው፣ እሱ ደግሞ 2026 ነው የሚለው። ቀነሰች። «አሥራ አንድ ዓመት?» አለች፣ ከዚያ ልጁን አየችውና ራሷም ሳቀች። በእንግሊዝኛው በኩል የፈረንጁን 2023 አሳየኋት። አሁን ደግሞ አእምሮዋ ወደ እኛ አቆጣጠር ተመልሷል። «ዘንድሮ 2018 አይደል እንዴ?» አለችኝ። በአንድ ወረቀት ልጄ አንዴ የ11 ዓመት ጎረምሳ ሆነ፣ አንዴ ደግሞ የዛሬ አምስት ዓመት የሚወለድ።

አልፈርድባትም። ከኋላችን ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሟል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሰውም ማጉረምረም ጀምሯል። የፈረንጁን 2023 ከ2026 ላይ ስትቀንስ ሦስት መጣ፤ የዘንድሮው ልደቱ ገና ነው ስላት በመጨረሻ ተግባባን። ልንገባ ነው ስንል ያ ቅጽ ብቅ አለ።

«እዚህ ነሐሴ 30 ይላል። ሰርተፍኬቱ ጳጉሜ 3። የቱ ነው ትክክሉ?»

አስረዳኋት። ደውዬ እንደነበር፣ ነሐሴ 30 በይው እንደተባልኩ፣ ሁሉንም። «እሱስ ገብቶኛል፣ ግን ሲስተሙ ካልተመሳሰለ አያሳልፈኝም» አለች። ሲስተም ከተባለ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ክርክር የለም። ቀጠለችና «ኦሪጅናሉን ይዘዋል?» አለችኝ።

ለዋና ሲወጣ ኦሪጅናል የልደት ሰርተፍኬት የሚይዝ ሰው እስቲ አሳዩኝ። የኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋብቻ ሰርተፍኬታችን ጋር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ያለው። እንዴት እንደተገኘ እኔ ነኝ የማውቀው። አዋጅ 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዝገብ ይላል። እኛ ከሆስፒታል የተሰጠንን ማሳወቂያ ይዘን ወረዳ የደረስነው በ87ኛው ቀን ነው፣ የአባትየው መታወቂያ አልታደሰም ተብለን ተመልሰን፣ አሳድሰን፣ በ89ኛው ቀን ያለቀ ነገር ነው። ያንን ወረቀት እርጥብ ፎጣና የተረፈ ሙዝ ካለበት ቦርሳ ውስጥ አልከትም።

አማቴ ይሄኔ ትዕግሥታቸው አለቀ። ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «ስሚኝ ልጄ፣ ሩፋኤል ዕለት ነው የተወለደው። ዝናቡ ይወርዳል። ልጆቹ ደጅ ላይ ሩፋኤል አሳድገኝ እያሉ ይታጠባሉ። እኔ ራሴ በእጄ ተቀብዬ ግንባሩን አስነክቼዋለሁ።» ልጅቷ «እሺ እማማ» አለች በአክብሮት፣ ግን ሩፋኤልም ሲስተሙ ውስጥ የለም። የባለቤቴ እህት በጆሮዬ «ያ ጠበል ነው እንዲህ ያስረዘመው» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ንዴት ውስጥ ያሳቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ኃላፊው ተጠራ። ወጣት ነው፣ ሬዲዮ ይዟል። ወረቀቱን ሳያይ ልጁን ወደ ግድግዳው ወሰደው። ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም የተሠመረ መስመር አለ፣ 90 ሳንቲ ሜትር። «ከዚህ በታች ከሆነ ያለ ማስረጃ ይገባል» አለ። ልጄ ሦስት ጣት ያህል አለፈው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም ያናደደኝ ይሄ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መለኪያ መሠረት የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 92 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ሲሞላ 96 ይደርሳል። ልጅ የሚያስመዝኑ እናቶች ያን ጠማማ መስመር ያውቁታል። ስለዚህ 90 ላይ የተሠመረ መስመር ከ3 በታች ማለት አይደለም። ገና ሁለት ዓመት ተኩል ያልሞላቸውን ልጆች ጭምር እየመለሰ ነው። ቁመት ለመንሸራተቻው ይገባኛል፣ እዚያ ጉዳዩ የደኅንነት ነው። ለዋጋ ከሆነ ግን ሰሌዳው ላይ «ከ90 ሳንቲ ሜትር በታች ነፃ» ብለው ይጻፉ፣ እኛም ቤት ለክተን እንውጣ። ሰሌዳው ላይ ዕድሜ ጽፎ በር ላይ ቁመት መለካት ማምታታት ነው።

ባለቤቴ «አራት መቶ ብር ነው፣ ክፈይና እንግባ» አለ። ልክ ነው፣ አራት መቶ ብር ነው። ግን እልህ ያዘኝ። ከከፈልኩ እኮ ስዋሽ ነበር ማለት ነው። ሠላሳ ሰው እያየኝ!

ያዳነን ዘበኛው ነው። ሸምገል ያሉ፣ ጋቢ የደረቡ ሰው ናቸው፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዝም ብለው ያዩናል። «ልጄ፣ የክትባት ካርዱ የለሽም?» አሉኝ። አለኝ! የሕፃናት ማቆያ ስናስገባው አንሥቼው ስልኬ ውስጥ ቀርቷል። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው ራቅ አድርገው ያዙት፣ መነጽር አላደረጉም። በጣታቸው መስመር መስመሩን ወረዱ። ሲወለድ። በስድስት ሳምንት። በአሥር። በአሥራ አራት። የዘጠኝ ወሩ ኩፍኝ፣ ሰኔ 2016። የአሥራ አምስት ወሩ ኩፍኝ፣ ታኅሣሥ 2017። እዚህ ላይ ቆሙና በጣታቸው ይቆጥሩ ጀመር። «ከታኅሣሥ እስከ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት። ጥር፣ የካቲት። አሥራ አራት። በአሥራ አምስቱ ላይ ሲጨመር ሃያ ዘጠኝ ወር። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነው፣ አስገቧቸው።» ኃላፊው ካርዱም ፎቶ ነው ብሎ ሊከራከር ሞከረ። ጋሼ ቆጣ አሉ። «ለአራት መቶ ብር ብሎ ልጁን ስድስት ቀን የሚያመላልስ ሰው አለ? የእያንዳንዱ ቀን ጽሑፍ እኮ የተለያየ ሰው እጅ ነው።»

ገባን። ትንሹ እጁ ላይ «ነፃ» የሚል አረንጓዴ ወረቀት አሠሩለት።

ከልጅ ጋር ለምትወጡ፣ እኔ የተማርኩት ይሄን ነው። የክትባት ካርዱን ፎቶ አንሡት፣ ሁለቱንም ገጽ። ከልደት ሰርተፍኬቱ ይልቅ በር ላይ የሚያግባባው እሱ ነው፤ ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ማንበብ ይችላል። ሰርተፍኬቱንም ጨምሩበት፣ ግን ዓመቱን ጮክ ብላችሁ «በኛ» ወይም «በፈረንጅ» በሉ። ቦታ ስትይዙ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚቀበሉ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያስቀሩ። እኔ በድምፅ የተነገረኝን «ችግር የለውም» ለማን ላሳየው?

አውሮፕላን ላይ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ዱባይ ያለችው እህቴ ልጇን ይዛ ስትመጣ ትኬቱን ስትቆርጥ ነው የልደት ቀኑን የሰጠችው፣ በር ላይ ደግሞ ፓስፖርት አለ። በብዙ አየር መንገዶች ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጭን ነው፣ እንደ ታክሲያችን፣ በውጭ በረራ የአዋቂውን ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ይከፍላል። አንድ የምትሸወዱበት ነገር አለ። ዕድሜው የሚታየው ትኬት በቆረጣችሁበት ቀን ሳይሆን በምትበሩበት ቀን ነው። ሄዳችሁ እዚያው ሁለት ዓመት ከሞላው ለመልሱ ወንበር ሊገዛለት ነው። ደንቡ ጥብቅ ነው፣ ግን አስቀድሞ የተነገረ ስለሆነ ማንም አይከፋም።

ለቦታው ከአምስት የምሰጠው፦ ገንዳው አምስት፣ ምግቡ ሦስት ተኩል (ክትፎው እንዳልኩት ደህና ነው፣ ጥብሱ ግን ማስቲካ ነው)፣ በሩ አንድ። ያቺን አንድ የሰጠሁት ለጋሼ ነው። ቲኬት ቆራጯ ልጅ መልካም ናት፣ ሥራዋን ያከበዱባት ሌሎች ናቸው። ባለቤቶቹ ይሄን ካነበባችሁ ቅጹ ላይ ጳጉሜን ጨምሩ፤ የአንድ ሰዓት ሥራ አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ትልቋ ጃምፒንግ ላይ ወጣች። ትንሹም እየሮጠ ተከተላት። የጃምፒንጉ ልጅ እጁን ዘርግቶ አስቆመው፣ አረንጓዴዋን ወረቀት አየና «ከ3 ዓመት በታች አይፈቀድም» አለ። ትንሹ መሬት ላይ ተንከባሎ አለቀሰ። ልለምን ስጠጋ ባለቤቴ ከኋላዬ «ሰርተፍኬቱን አሳዪውና አሥራ አንድ ዓመቱ ነው በይው» አለኝ።