ራንታምቦር፦ ታይገርን ከዱካው ማንበብ

ህንድ ስማር፣ መጋቢት ላይ ራጃስታን ወዳለው ራንታምቦር ፓርክ ሄድኩ። የኛ ነብር ነጠብጣብ ነው፤ ታይገር ባለ መስመር ነው፣ ወንዱ ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

ባለ 6 መቀመጫውን ጂፕ ያዙ። ትኬት የቆረጠልኝ ደላላ የጂፕ አስከፍሎኝ ጠዋት ካንተር የሚሉት ባለ 20 መቀመጫ ክፍት መኪና ላይ ጫነኝ። ኋላ ተቀምጬ አስጎብኚው የሚለው አንድም አልተሰማኝም። በጣም ተናደድኩ።

ከሰዓት በጂፕ ስንገባ ግን ሁሉም ተቀየረ። አስጎብኚው መኪናውን አስቁሞ አቧራው ላይ ዱካ አሳየን። «ወንድ ነው» አለ። የወንዱ የኋላ እግር ዱካ እኩል ጎን ያለው ካሬ ይመስላል፤ የሴቷ ረዘም ይላል። ስፋቱ ከመዳፌ ይበልጣል! ድሮ ቆጠራው ራሱ በዱካ ነበር። ስህተቱ ስለበዛ ዛሬ በካሜራ ሆኗል። ካሜራው ከመንገዱ ግራና ቀኝ ይተከላል፤ የሁለቱ ጎኖች መስመር አይመሳሰልማ። እያንዳንዱ ታይገር በመስመሩ ይለያል፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ። በ2022 ህንድ ውስጥ ቢያንስ 3,167 እንዳሉ ተገምቷል።

ድንገት ሳምባር የሚባለው አጋዘን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ጮኸ። ሹፌሩ ሞተር አጠፋ። ከቁጥቋጦው አንዲት ሴት ታይገር ወጣች። ዛፍ አሸተተች፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ሽንቷን ረጨችበት፣ ሄደች። ክልሌ ነው ማለቷ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ፎቶም አላነሳሁ።

ለአስጎብኚው 5 ኮከብ። ትኬቱን ራሳችሁ ቁረጡ፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋናዎቹ ክፍሎች ዝግ ናቸው።