ማስጠንቀቂያ፦ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ዲናሞው ሞቷል» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ

መኪናችሁ ጠዋት አልነሳ ብሎ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ የባትሪ ምልክት በርቶ ኤሌትሪሺያን ስትጠሩ መጀመሪያ የሚያደርገውን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱና የባትሪውን ገመድ ይነቅላሉ። ሞተሩ ከጠፋ «ዲናሞው ሞቷል፣ ሶማሌ ተራ የማውቀው ልጅ ጋ አለ፣ ልደውልለት» ይላሉ። ስልኩ ከመደወሉ በፊት አስቁሟቸው። ይህ ምርመራ ስለ ዲናሞው፣ ማለትም ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን ስለሚሞላው ማመንጫ፣ ምንም አያረጋግጥም፣ ደህናውን መኪና ግን ሊያበላሽ ይችላል።

ዘዴው የመጣው ከድሮ መኪኖች ነው። ያኔ በገመድ ነቀላ የሚቃጠል ኮምፒውተር መኪናው ውስጥ አልነበረም። አሁን ያለው መኪና ግን የሞተር ኮምፒውተር፣ ኤቢኤስ (የፍሬን መቆጣጠሪያ)፣ ኤርባግ፣ የመሪ ሞተርና ሌሎችም በአንድ መረብ የሚነጋገሩ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች አሉት። ዲናሞው የሚያመነጨውን ትርፍ ኃይል ውጦ የሚያረጋጋላቸው ባትሪው ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ድንገት ሲነቀል ያ ኃይል መሄጃ ያጣል፤ ለሰከንድ ክፍልፋይ ከ40 ቮልት በላይ ሊዘል ይችላል። ኤሌክትሮኒክሱ የተሠራው ለ12 ቮልት ነው። በዚያ ላይ በብዙ አዳዲስ መኪኖች ዲናሞውን የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ባትሪው ሲነቀል ሞተሩ በደህና ዲናሞም ሊጠፋ ይችላል። ጠፋ ተብሎ የሚከፈል ገንዘብ የለም።

ትክክለኛው ምርመራ አንድ መልቲሜትርና ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ምንም ነገር ሳይበራ፣ ባትሪው ላይ ለኩ። 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው፣ ከ12 በታች ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቀጥሎ አንድ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ቁጥሩን ተከታተሉ፤ ሞተሪኖው (ሞተር አስነሺው) ሲያዞር ሙሉ ባትሪ ከ9.6 በታች ከወረደ ጥርጣሬው ባትሪው ላይ ይሁን። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት መታየት አለበት። የፊት መብራት፣ ኤሲና የኋላ መስታወት ማሞቂያ አብሩና ሞተሩን በደቂቃ ወደ 2000 ዙር አድርሱት፤ ቁጥሩ 13.5 አካባቢ ከቆየ ዲናሞው እየሠራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መጠንቀቂያ አለ። የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ ትንሽ ሴንሰር የታሰረባቸው አዳዲስ መኪኖች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው፣ ባትሪው ሲሞላ ቮልቱን ሆን ብለው ወደ 12.5 አካባቢ ያወርዱታል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወደ 15 ይጠጋል። አንድ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ «አይሞላም» የሚል ሰው ይህን አያውቅም ወይም አውቆ ዝም ብሏል። መብራትና ማራገቢያ አብርታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ሲጨምር ታያላችሁ።

በርካሽ የሚስተካከሉ ግን በዲናሞ ዋጋ የሚሸጡ ብልሽቶች አሉ። ዋነኛው ማሳ ነው። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ አካልና ወደ ቦዲው የሚሄዱት ገመዶች ሲዝጉ ወይም ቡሎናቸው ሲላላ፣ መብራት ይደበዝዛል፣ ሞተሪኖው ይጎተታል፣ ዳሽቦርዱ ላይ እርስ በርስ የማይገናኙ ማስጠንቀቂያዎች ባንድ ጊዜ ይበራሉ። በዓይን ማየት አይበቃም፤ ገመዱ ላዩ ጤነኛ ሆኖ ከውስጥ አረንጓዴ ዱቄት የሆነ ሊሆን ይችላል። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ አድርጉና ሞተሪኖው እንዲዞር አድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ ማሳው ችግር አለበት። ቡሎኑን ፈትቶ በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መልሶ ማጥበቅ፣ ካስፈለገም ገመዱን መቀየር ነው፤ ከዲናሞ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሁለተኛው ፊውዝ ነው፣ ቫልቮላ የምንለው። በብዙ ቶዮታዎች የሞተር ክፍል ፊውዝ ሳጥን ውስጥ «አልት-ኤስ» (ALT-S) የተባለ ትንሽ ፊውዝ አለ፣ ብዙ ጊዜ 7.5 አምፔር፣ ቡናማ። ዲናሞው የባትሪውን ቮልት የሚያይበት መስመር እሱ ነው። ሲቃጠል ዲናሞው እየሞላም እንኳ ቀዩ ምልክት ይበራል። የአንዲት ቡናማ ፊውዝ ችግር ስንቱን ዲናሞ አስወጥቷል! ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ሲላላ ወይም በዘይት ሲርስም ተመሳሳይ ምልክት ይሰጣል።

ሦስተኛው መኪናው ቆሞ እያለ ሌሊት ከባትሪው የሚሰርቅ ጭነት ነው። ጂፒኤስና አላርም ሲገጠሙ ገመድ በቢላ ልጠው፣ ጠምዝዘው በቴፕ የሚያስሩ አሉ። ደህና መኪና ተኝቶ ከ0.05 አምፔር በታች ይወስዳል፤ 45 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ በዚያ ፍጥነት ከወር በላይ ይቆያል። 0.5 አምፔር ከወሰደ ግን በአራት ቀን ውስጥ ባዶ ይሆናል፣ አልነሳ የሚለውም ከዚያ ቀድሞ ነው። ለመለካት መኪናውን ቆልፋችሁ ሳጥኖቹ እስኪተኙ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ አንዳንዱ እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ፊውዝ እየነቀላችሁ አትፈልጉ፣ የተኛውን ሳጥን ትቀሰቅሱታላችሁ። በፊውዙ ጀርባ ባሉት ሁለት ነጥቦች ላይ በሚሊቮልት ለኩ፤ ከሌሎቹ ጎልቶ የሚያነበው መስመር ላይ ነው ሌባው።

ዲናሞው በእውነት ከሞተ ደግሞ፣ ያገለገለ ሲገዛ ቅርፁ ስለተመሳሰለ አትቀበሉ። ሶኬቱ ውስጥ ያሉት እግሮች ብዛትና ሥራ፣ በሬጉሌተሩ (ቮልቱን በሚቆጣጠረው ክፍል) ዓይነት ይለያያሉ፤ 70 አምፔር የነበረበት ቦታ ላይ አነስተኛ መግጠምም ኤሲና መብራት ባንድ ላይ ሲበሩ ባትሪውን ያራቁተዋል። የአሮጌውን የዕቃ ቁጥር ከአዲሱ ጋር አስተያዩ።

ባትሪ ሲሸጥላችሁም፣ ትራፊክ ላይ ሞተሩ ራሱ እየጠፋ የሚነሳ መኪና ተራ ባትሪ አይችለውም፤ ኢኤፍቢ ወይም ኤጂኤም የተጻፈበት ያስፈልገዋል፤ «ያው ነው» ብሎ ርካሹን የሚገጥም ሰው በወራት ውስጥ ሌላ ያስገዛችኋል። በአንዳንድ ቢኤምደብሊውና ኦዲ አዲሱን ባትሪ በኮምፒውተር ማስመዝገብም ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ፣ በ2024 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ናችሁ፣ መኪናችሁ ዲናሞ የለውም። 12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ ቮልት የሚያወርድ መለወጫ ነው። ዲናሞ ልቀይር የሚላችሁን አሰናብቱ፣ ብርቱካናማ ገመድ የሚነካውን ደግሞ ከመኪናችሁ አርቁ፤ እዚያ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ። አንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሿ ባትሪም ሊቲየም ናት፣ በሊድ ባትሪ አትተካም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች፣ የቆመውን፣ ሲነሳ የወረደውንና ሞተሩ እየሠራ ሲሞላ የታየውን፣ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ ጠይቁት። አልጽፍም ካለ አልለካም ማለት ነው። ቅየራ ካለ ተመሳሳይ ልኬት ከቅየራው በኋላ ይደገም፣ አሮጌውን ዲናሞ ደግሞ በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ብሩሽ ወይም ሬጉሌተር ብቻ ነው፣ የሚጠግን አለ።