ላንድክሩዘሬን በኮንቴይነር ወደ አውስትራሊያ፦ ስላጓጓዙልኝ ሰዎች ያለኝ አስተያየት

መኪናውን ነድቼ ኮንቴይነር ውስጥ ካስገባሁት በኋላ መውጫ አጣሁ። የባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር የውስጥ ስፋት 2.35 ሜትር ያህል ነው፤ የእኔ ላንድክሩዘር ወርድ ደግሞ 1.93። በግራም በቀኝም የሚተርፈው አንድ ስንዝር ነው። የጋቢናው በር ገና ገርበብ ሲል ከኮንቴይነሩ ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፤ በዚያ ክፍተት ከእጄ በቀር የሚያልፍ ነገር አልነበረኝም። በ58 ዓመቴ መቀመጫ ተሻግሬ፣ በማቀዝቀዣውና በዕቃ ሣጥኖቹ ላይ በደረቴ ተስቤ፣ በኋላው በር እግሬን አስቀድሜ ወጣሁ። ልጄ ሁሉንም በስልኳ ቀርጻዋለች። የጭነት ሠራተኛው ግን ፈገግ እንኳ አላለም፤ «መስኮቱን ዝቅ አድርገው ቢገቡ ኖሮ በዚያ ይወጡ ነበር» አለኝ። ከመግባቴ በፊት ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

አገልግሎቱን የሰጠኝ ድርጅት ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እይዛለሁ የሚል ነው፤ ሰነዱን፣ እጥበቱን፣ ኮንቴይነር ውስጥ ማሰሩን፣ እዚያ ሲደርስም የጉምሩክ ትራንዚተሩን ጭምር። ስማቸውን አልጠራም፤ ለሚቀጥለው ጉዞ እፈልጋቸዋለሁና። የቢሮ ሰዎቻቸውና የግቢ ሰዎቻቸው ግን አንድ አለቃ ያላቸው አይመስሉም። ቢሮ ያሉት የሚመጣውን ሁሉ ከወራት በፊት ይነግሩሃል። ግቢ ያሉት ከሆነ በኋላ ይነግሩሃል።

መኪናው የ1996 ሞዴል ባለ 80 ተከታታይ ላንድክሩዘር ነው፤ ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ። 19 ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ዕቅዳችን አደሌድ ተረክበን፣ በኡድናዳታ መንገድ ወደ ሰሜን ወጥተን፣ ሲምፕሰን በረሃን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ አቋርጠን፣ ከ11 ሳምንት በኋላ ብሪዝበን ላይ መልሰን መጫን ነበር።

ኮንቴይነር የመረጥኩት በቁልፉ ምክንያት ነው። ሌላው መንገድ መኪናው በራሱ ጎማ እየተነዳ መርከብ የሚገባበት፣ ሮሮ የሚሉት ነው። ሂሳቡ በኪዩቢክ ሜትር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ከፍታም አያስጨንቅም። ነገር ግን ቁልፉን ለማታውቀው ሰው ትሰጣለህ፤ መኪናውም በአብዛኛው ባዶ እንዲሆን ይጠየቃል። የእኔ ላንድክሩዘር ግን ማእድ ቤትም መኝታ ቤትም ነው። ኮንቴይነር ውስጥ ዕቃህ እንዳለ ይቆለፋል፣ ማኅተሙ ይመታል፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ይቀራል። ዕዳው በሩ ነው፤ የመግቢያው ከፍታ 2.28 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የእኔ መኪና ጣሪያው ላይ ካለው ድንኳን ጋር 2.36 ሆኖ ተገኘ። ድንኳኑን ለአራት አውርደን ከመኪናው ኋላ በቀረው አንድ ሜትር ቦታ ላይ አቆምነው። ለዚህኛው የቢሮዋ ሴት ቀደም ብላ በስልክ «ሜትር ይዘው ጣሪያውን ይለኩልኝ» ብላኝ ስለነበር መፍቻው ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀን።

ይህች ሴት ከድርጅቱ ሁሉ ምርጧ ናት። ካርኔ የሚባለውን ደብተር ያስረዳችኝ እሷ ናት። ካርኔ መኪናህን ቀረጥ ሳትከፍል ለጊዜው እንድታስገባ የሚያስችል፣ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል ሰነድ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱን ስትገባ ጉምሩክ ይቆርጠዋል፣ ሁለተኛውን ስትወጣ፣ ሦስተኛው ጉርድ ሁለት ማኅተም ይዞ ደብተሩ ላይ ይቀራል። የመውጫው ማኅተም ከጎደለ መኪናውን እዚያው እንደሸጥከው ይቆጠርና ቀረጡን የሚጠይቅህ ይመጣል። ለዚህ ሲባል ዋስትና ታስይዛለህ፤ እኔ ያስያዝኩት ገንዘብ መኪናውን ሌላ ጊዜ ሊገዛልኝ ምንም አልቀረውም።

ለሳንባ ጠንቅ የሆነውን ቃጫማ ማዕድን፣ አስቤስቶስንም ያነሣችው እሷ ናት። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ አስቤስቶስ ያለበትን ዕቃ ሁሉ እንዳይገባ ከልክላለች፤ ያረጀ መኪና ደግሞ የፍሬን ሸራውም የሞተር ጓርኒሲዮኑም ያጠራጥራል። ሸራው ሲቀየር የተቀበልኩትን ደረሰኝ ፍለጋ ሁለት ሌሊት መሳቢያ ስገለብጥ አደርኩ። የመጫኛ ወሩንም የወሰነችው እሷ ናት። መጥፎ ሽታ የሚረጭ አንድ ቡናማ ትኋን መሰል ነፍሳት አለ፤ እሱ በብዛት ከሚገኝባቸው አገሮች በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኤፕሪል 30 ባለው ጊዜ የሚጫን መኪና ተጨማሪ ነፍሳት የማጥፋት ሥራ ይታዘዝበታል። ሲምፕሰን ደግሞ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 በሙቀቱ ምክንያት ዝግ ነው። ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች ደራርባ «በሜይ ጭነው በጁን ይንዱ» አለችኝ። ለቢሮው ከአምስት አምስት።

አሁን ወደ ግቢው። ከኮንቴይነሩ ወጥቼ አቧራዬን ሳራግፍ ሁለት ሠራተኞች መኪናውን ማሰር ጀምረው ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ የፊተኛው ማሰሪያ የዞረው በመሪው ዘንግ ላይ ነው። ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኘው ያ ቀጭን ዘንግ ጎማ ለማዞር እንጂ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ማዕበል ላይ አንቆ ለመያዝ አልተሠራም። መርከቡ በዋለለ ቁጥር ማሰሪያው ይስበዋል፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ እኔም አደሌድ ላይ ቀጥ ብሎ የማይሄድ መኪና እረከባለሁ። «እዚህ አይታሰርም፤ ወፍራሙ አክስል ላይ እሰሩት» አልኳቸው። ፈትተው አክስሉ ላይ አሰሩት፤ ጎማዎቹ ሥር ጣውላ ቸነከሩ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀሉ። አልተከራከሩኝም። ያናደደኝም አለመከራከራቸው ነው፤ እዚያ ባልቆም ኖሮ በሩ ይዘጋ ነበር።

ከሁሉ የባሰው እጥበቱ ነው። አውስትራሊያ ከውጭ አፈር፣ ዘርና ነፍሳት እንዳይገባባት አጥብቃ ትጠብቃለች፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. የ2015 የባዮሴኩሪቲ ሕግ አላት። አንድ የሣር ዘር ለእርሻዋ ጠላት ነው። ይህን ስለማውቅ ከድርጅቱ «ልዩ የኳራንቲን እጥበት» ገዛሁ። መኪናው ሲመለስልኝ ያበራ ነበር፤ ጎማው ሳይቀር ጥቁር ቅባት ተቀብቶ ነበር። 24 ፎቶግራፍ ያለው የምስክር ወረቀትም አብሮ መጣ። ልጄ አንዴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «አባዬ፣ ይህ ለሽያጭ ነው እንጂ ለምርመራ የታጠበ አይመስልም» አለች። አልሰማኋትም።

አደሌድ ላይ መርማሪው የመጣው በባትሪና በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ በታሰረ ትንሽ መስታወት ነው። የሚያበራውን ቦታ አላየም። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ዝናብ መጥረጊያው ሥር ያለውን ወንፊት አበራበት፤ ደረቅ ቅጠል አለ። ቀጥሎ በራዲያተሩና ከፊቱ ባለው የአየር ማቀዝቀዣ መካከል መስታወቱን አስገባ፤ እዚያ ምናልባት አሥር ዓመት የሆናቸው የነፍሳት ክንፎች ተደርድረዋል። ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ ጓንት ያደረገ ጣቱን ሻንሲው ላይ ካለው ቀዳዳ ከተተና ሲያወጣው የደረቀ ጭቃ ይዞ ወጣ። ጣቱን ለእኔ አሳየኝ እንጂ ምንም አልተናገረም። መጨረሻ ላይ የሾፌሩን ወንበር ወደ ኋላ ገፍቶ ከሐዲዱ ውስጥ አንዲት ዘር በወረንጦ አወጣ፤ እንደ ገብስ ጢም ያላት፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጣትና መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ እንዳበቃለት ገባኝ።

ትእዛዙ መኪናው ፈቃድ ባለው ቦታ እንደገና ይታጠብ የሚል ነበር። እዚያ ያየሁት እጥበት ሌላ ነገር ነው። ወንበሮቹ ተፈቱ፣ ምንጣፉ ተነሣ፣ ቅያሪ ጎማው ከሆዱ ሥር ወረደ፣ የሻንሲው ቀዳዳ ሁሉ በቱቦ ውኃ ተገፋ፤ መጀመሪያ የወጣው እንደ ቡና፣ በኋላ እንደ ሻይ፣ መጨረሻ ላይ ጥርት ያለ። ሁለተኛው ምርመራ ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። ግን ዘጠኝ ቀን አለፈ፤ የመጋዘን ኪራይ፣ የሁለተኛ እጥበት፣ የሁለተኛ ምርመራ፣ የሆቴል። ለድርጅቱ ስጽፍ የግቢው ኃላፊ «በላክንልዎት ፎቶ ላይ መኪናው ንጹሕ ነው» ብሎ መለሰልኝ። እውነቱን ነው፤ ፎቶው ላይ ንጹሕ ነው። በመጨረሻ የመጀመሪያውን እጥበት ዋጋ ብቻ መለሱ። ለግቢው ከአምስት አንድ፤ አንዱም ሲነገራቸው ስለሚሰሙ።

ስለ ባሕር መድን በአጭሩ። ርካሹ ዕቃህ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ብቻ የሚከፍለው ነው፤ እኔ ሁሉን አቀፉን ወሰድኩ። ምክንያቴ በማርች 2021 ስዊዝ ካናል ላይ ለስድስት ቀን የተሰነቀረው ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ነው። ያኔ የመርከቡ ባለቤት የጋራ ኪሳራ አወጀ፤ ይህም ማለት ዕቃህ አንድ ጭረት ባይነካውም ለማዳኛው ወጪ ድርሻህን ዋስትና ሳትሰጥ አትረከብም ማለት ነው። መድን ያለው ሰው ዋስትናውን መድን ሰጪው ይፈርምለታል። የሌለው ከኪሱ ያስይዛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ለምን? ኪራይ አልነበረም ወይ? ነበረ። ሂሳቡንም ሠርቼዋለሁ፤ የደርሶ መልስ ጭነቱ፣ ካርኔው፣ መድኑና እጥበቱ ተደምረው በሰበሰብኳቸው ዋጋዎች መሠረት ተመሳሳይ ዕቃ የተሟላለት መኪና ለዘጠኝ ሳምንት ያከራዩኛል። የቆየነው 11 ነው፤ ከዚያ ላይ የታገትንባቸውን ዘጠኝ ቀናት ቀንሱ። ትርፍ የሚባል የለም። ነገር ግን ከጠየቅኳቸው አከራዮች አብዛኞቹ ሲምፕሰንን በውላቸው ይከለክላሉ፤ የመጣሁት ደግሞ ለእሱ ነው።

የራስ መኪና የራሱ ጣጣ አለው። የእኔ መሪ በግራ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። በየመንገዱ እስከ 53.5 ሜትር የሚረዝሙ ተጎታች የጭነት መኪናዎች አሉ፤ እነሱን ለመቅደም ከእኔ ወንበር ምንም አይታይም። ዓይኔ ልጄ ሆነች። ስፖኪዮውን ትታ አንገቷን በመስኮት ታወጣና «ቆይ… ቆይ… አሁን!» ትላለች። አንድ ቀን «አሁን» ብላ ወዲያው «አይ፣ ተመለስ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለታችንም አልተናገርንም።

ማሪ የምትባል ትንሽ ከተማ ስንደርስ የውኃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረ። በኪራይ መኪና ቢሆን ስልክ ደውዬ እቀመጥ ነበር። ይህ ሞተር ግን በአውስትራሊያ የገበሬ ላንድክሩዘሮች ውስጥ ለረጅም ዓመታት የኖረ ነው፤ መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ አየና ሳይጠይቀኝ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ነበርን።

ከበረሃው በስተምዕራብ ካለችው ማውንት ዴር በስተምሥራቅ እስካለችው በርድስቪል ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ የለም። 165 ሊትር ይዘን ገባን፣ 112 ፈጀን። ከምዕራብ የሚነሣ ሰው ይታደላል፤ አሸዋው ከ1,100 በላይ ሆኖ ጎን ለጎን የተዘረጋ ክምር ነው፣ የምዕራቡ ፊቱ ተዳፋት፣ የምሥራቁ ቀጥ ያለ። የጎማውን አየር ከ36 ወደ 16 ፒኤስአይ አወረድን፣ ከኮረብታው ማዶ የሚመጣ እንዲያየን ረጅሙን ባንዲራ ከፊት ተከልን፣ ራዲዮውን ቻናል 10 ላይ አደረግን። ቴድ ኮልሰንና ፒተር ኤይንስ እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን በረሃ የተሻገሩት በግመል ነው፤ ለግመል ካርኔ ይጠየቅ እንደሆነ ልጄ እስካሁን ትጠይቀኛለች። መጨረሻ ላይ ቢግ ሬድ የሚባለው 40 ሜትር ያህል የሚቆም ክምር አለ። ሁለት ጊዜ ሞክረን ከወገቡ ተመለስን። አየሩን ወደ 14 አውርደን፣ በዝቅተኛው ማርሽ ሦስተኛን ይዘን ለሦስተኛ ጊዜ ስንሞክር ሞተሩ እያቃሰተ ጫፉ ላይ አወጣን። ያረጀው ላንድክሩዘሬ ያን ዕለት ያሰማውን ድምፅ በ19 ዓመት ሰምቼው አላውቅም።

ብሪዝበን ላይ መኪናውን ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ መስኮቱንም ዝቅ አድርጌ ገባሁ። የካርኔውን የመውጫ ማኅተም እስካየው ድረስ ከጉምሩኩ መስኮት ፊት አልተነሣሁም። የዋስትናው ገንዘብ ደብተሩን በመለስኩ በስድስተኛው ሳምንት ተለቀቀልኝ፤ የቢሮዋ ሴት በየሳምንቱ ዓርብ እየደወለች የት እንደደረሰ ትነግረኝ ነበር።

በቅርቡ ለናሚቢያ ዋጋ ጠይቄአቸው ዝርዝሩን ልከውልኛል። «እጥበት» እና «ማሰር» የሚሉትን ሁለት መስመሮች በቀይ ሰርዤ መልሼ ላክሁት። ቢሮው በማግስቱ ተስማምቷል፤ ግቢው እስካሁን አልመለሰም።